ሲጠሩት ብቻ የሚመጣ ፈንክሽን፦ በዜድ ሼል ስለ ኦቶሎድ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በፒያሳ፣ በአራት ኪሎና በካዛንቺስ ባሉ ጥቂት ትንንሽ ቢሮዎች ተርሚናል ከፍተው ለሚሠሩ ሰዎች የጋራ የፈንክሽን ማህደር (ፎልደር) አለን፤ ፈንክሽን ማለት ስም ተሰጥቶት በስሙ የሚጠራ የትዕዛዞች ስብስብ ነው። ቀንን ከኢትዮጵያ ወደ ጎርጎርዮሳዊ የሚለውጥ፣ የብርን መጠን በፊደል የሚጽፍ፣ የደረሰኝ ፋይሎችን በየወሩ የሚለይ፣ ሌሎችም እነዚህን የመሰሉ ሥራዎች የሚሠሩ ፈንክሽኖች አሉበት። የሚጠሩት ከዜድ ሼል ነው፤ ሼል ማለት ተርሚናል ላይ የምንጽፈውን ትዕዛዝ ተቀብሎ የሚያስኬድ ፕሮግራም ነው። የሚመጡት ደግሞ ኦቶሎድ በሚባለው የሼሉ ትዕዛዝ በኩል ነው። ማህደሩን የማስተዳድረው እኔ ስለሆንኩ ጥያቄውም ወደ እኔ ይመጣል፤ አብዛኛው ደግሞ ባለፈው ሳምንት ሌላ ሰው የጠየቀው ነው። መልሶቹን እዚህ ሰብስቤአቸዋለሁ። የትዕዛዞቹን ስም እንደ አነባበባቸው በእኛ ፊደል ጽፌአለሁ፤ ተርሚናሉ ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው።

ኦቶሎድ በትክክል ምን ይሠራል?

ስም ይመዘግባል፤ በዚያ ሰዓት ሌላ ምንም አያደርግም። መነሻ ፋይልዎ (ተርሚናል ሲከፈት ሼሉ የሚያነበው ፋይል) ውስጥ ብርፊደል የሚባለውን ፈንክሽን በኦቶሎድ ካስመዘገቡ፣ ዜድ ሼል የሚይዘው በዚህ ስም የሚጠራ ፈንክሽን እንዳለ ብቻ ነው። ፋይሉን አይከፍትም፣ አያነብም፣ መኖሩንም እንኳ አያረጋግጥም። ብርፊደል ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠሩት ፋይሉን ይፈልጋል፣ ያነባል፣ ሜሞሪ ውስጥ ያስቀምጣል፣ ያስኬዳል። ከዚያ በኋላ ያ ተርሚናል እስኪዘጋ ድረስ እንደ ማንኛውም ፈንክሽን ነው፤ ዳግመኛ ዲስክ አይነካም።

ቁርስ ቤት ግድግዳ ላይ ዱለት ተብሎ ስለተለጠፈ ወጥ ቤት ውስጥ ተሠርቶ ይጠብቃል ማለት አይደለም። የሚሠራው ሲያዝዙ ነው፤ አልቋል የሚባሉትም ሲያዝዙ ነው። ከዚህ በታች ካሉት ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህ ከሁለተኛው ነገር ነው። ስህተቱ ተርሚናሉ ሲከፈት ሳይሆን ፈንክሽኑ ሲፈለግ፣ ብዙ ጊዜም ሰው ሲቸኩል ይወጣል።

አንድ ፈንክሽን ተጭኖ እንደሆነ ማወቅ ከፈለጉ ፈንክሽንስ የሚለውን ትዕዛዝ ጽፈው ስሙን ያስከትሉ። ገና ካልተጫነ በአካሉ ፋንታ «አንዲፋይንድ» የሚል ማስታወሻና አንድ የኦቶሎድ መስመር ያያሉ።

ሐሳቡ የማን ነው?

ዜድ ሼል ከቀድሞዎቹ የወረሰው ነው። ዴቪድ ኮርን በቤል ላብስ የጻፈው ኮርን ሼል እ.ኤ.አ. በ1983 ይፋ ሆነ፤ ፈንክሽን የሚፈለግባቸውን ማህደሮች የሚዘረዝረው ኤፍፓዝ የሚባል ተለዋዋጭም (ዋጋ የሚይዝ ስም) በ1988ቱ እትም ውስጥ ነበረ። ዜድ ሼልን ፖል ፋልስታድ የፕሪንስተን ተማሪ ሳለ በ1990 ሲጀምረው ከኮርን ሼል ብዙ ነገር ወሰደ። ማክ ኮምፒውተር ያላቸው ደግሞ ከ2019 ወዲህ ተርሚናላቸው ሲከፈት የሚያገኙት ዜድ ሼልን ነው። ኡቡንቱ ላይ ለብቻው መጫን አለበት።

ፈንክሽኖቹን ሁሉ መነሻ ፋይሉ ውስጥ ብጽፋቸውስ?

ይሠራል። አሥር የማይሞሉ አጫጭር ፈንክሽኖች ብቻ ካሉዎት እንዲያውም እንደዚያ ቢያደርጉ እመርጣለሁ፤ ሁሉም ባንድ ቦታ ይታያሉ፣ ፍለጋ የሚባል ነገርም አይኖርም።

ነገሩ የሚለወጠው ፈንክሽኖቹ ሲበዙና ሰው ሲጋራቸው ነው። የበጀት ዓመት መዝጊያውን ፈንክሽን ይውሰዱ። ሰኔ 30 ሲቃረብ የሒሳብ ሠራተኞች ደጋግመው ይጠሩታል፤ ሐምሌ 1 አዲሱ በጀት ዓመት ከገባ በኋላ ግን ለወራት የሚያስታውሰው የለም። ረጅምም ነው። ሰው አንድ ፋይል ለመቅዳት ብሎ በከፈተው መስኮት ሁሉ ይህን ማንበብ ትርፍ ሥራ ነው።

ስለ ፍጥነቱ ግን ከመጠን በላይ ይወራል። አዲስ ላፕቶፕ ላይ ሁለት ሦስት መቶ መስመር ማንበብ ዐይን የሚይዘው ጊዜ አይወስድም። ልዩነቱ የሚታየው መነሻ ፋይሉ በሺህ የሚቆጠር መስመር ሲይዝ፣ በተለይም የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ባላቸው አሮጌ የቢሮ ኮምፒውተሮች ላይ ነው። ተርሚናልዎ ለመከፈት ከዘገየ ከመገመት ይለኩት። መነሻ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ዜድፕሮፍ የሚባለውን ሞጁል ይጫኑ፤ መጨረሻው ላይ ዜድፕሮፍ ብለው ይጥሩት። የትኛው ፈንክሽን ስንት ሚሊሰከንድ እንደበላ በሠንጠረዥ ያወጣልዎታል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው ከኢንተርኔት የተቀዳ የማስዋቢያ ጥቅል ነው።

እኔ ኦቶሎድን የምወደው ለፍጥነቱ ሳይሆን ለሥርዓቱ ነው። እያንዳንዱ ፈንክሽን የራሱ ፋይል ሲኖረው ማን፣ መቼ፣ የቱን እንደለወጠው ይታወቃል። ሁለት ሰዎች ባንድ ቀን ሁለት ፈንክሽን ቢያስተካክሉ አንዱ የሌላውን ሥራ አያጠፋም። ባንዱ ውስጥ ያልተዘጋ ቅንፍ ቢኖር የሚበላሸው ያ አንዱ ብቻ ነው፤ ሁሉም መነሻ ፋይሉ ውስጥ ቢሆኑ ኖሮ ከቅንፉ በኋላ ያለው ሁሉ ይቀር ነበር።

ፋይሉን እንዴት ላዘጋጀው?

የፋይሉ ስም የፈንክሽኑ ስም ነው፤ ያለ ምንም ቅጥያ። ነጥብ ኤስኤች፣ ነጥብ ዜድኤስኤች ወይም ነጥብ ቲኤክስቲ ከጨመሩ ስሙ ሌላ ሆነ ማለት ነው። ውስጡ የሚጻፈው የፈንክሽኑ አካል ብቻ ነው፤ ስምና ቅንፍ መክፈት አያስፈልግም። ከዚያ መነሻ ፋይሉ ውስጥ ማህደሩን ኤፍፓዝ በሚባለው ዝርዝር ላይ ይጨምሩ፤ ከእሱ ቀጥሎ ፈንክሽኖቹን በኦቶሎድ ያስመዝግቡ። ማህደሩን መጀመሪያ፣ ኦቶሎዱን ቀጥሎ መጻፍ ይልመድብዎ፤ ያለዚያ ሲጠሩት በየትኛው ዝርዝር እንደሚፈለግ ግራ ይጋባሉ።

ፍለጋው በተራ ነው፤ ዝርዝሩ ላይ ቀድሞ ያለው ማህደር ያሸንፋል። የራስዎን ከፊት ካስቀመጡ ዜድ ሼል ይዞት ከመጣ ፈንክሽን ጋር ስሙ አንድ የሆነ ፋይል የእሱን ቦታ ይወስዳል። ከለርስ የሚል ፋይል ማህደርዎ ውስጥ ቢፈጥሩ ሌሎች ፈንክሽኖች ቀለም ለማውጣት የሚጠሩት የሼሉ ከለርስ ይጋረድና የእርስዎ ይመጣል።

ቀን ለዋጩን ዴት ብዬ ብሰይመውስ?

አይሰይሙት። ፈተናው ይገባኛል፤ አጭርና የሚታወስ ስም ነው። ነገር ግን በሼል ውስጥ ፈንክሽን ከውጭ ፕሮግራም ይቀድማል፤ ስለዚህ ያ ተርሚናል ውስጥ ዴት ያለ ሁሉ የኮምፒውተሩን ሰዓት መጠየቁ ቀርቶ የእርስዎን ፈንክሽን ይጠራል። ይባስ ብሎ ፈንክሽኑ ራሱ የዛሬን ቀን ለማወቅ ዴትን ቢጠራ ራሱን ይጠራል፤ ያም ራሱን ይጠራል፤ ሼሉ የጥሪው ጥልቀት ከገደብ አለፈ ብሎ እስኪያቆመው ድረስ ይቀጥላል። የግድ ከሆነ ውስጥ ላይ ከዴት በፊት ኮማንድ የሚለውን ቃል ይጨምሩ፤ ይህ ፈንክሽኑን አልፎ ወደ ዋናው ፕሮግራም ይወስዳል። ከሁሉ የሚሻለው ግን የማይጋጭ ስም ነው።

ቀን ለዋጭ ለሚጽፉ ሰልጣኞች ሁለት መፈተኛ ቀኖች ልስጣቸው፦ መስከረም 1 ቀን 2016 መስከረም 12 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ላይ ዋለ፤ ከፊቱ ያለው 2015 ጳጉሜን 6 የሆነበት ዓመት ስለነበረ። መስከረም 1 ቀን 2017 ግን መስከረም 11 ቀን 2024 ላይ ነው። ሁለቱን በትክክል የማያወጣ ፈንክሽን ወደ ጋራ ማህደሩ አይገባም።

ከኦቶሎድ ጋር የሚጻፉት ትልቁ ዩ እና ትንሹ ዜድ ምንድን ናቸው?

ትልቁ ዩ ፋይሉ በሚነበብበት ሰዓት አሊያሶች (አንድን ትዕዛዝ በሌላ የሚተኩ ስሞች) እንዳይተረጎሙ ያደርጋል። አንድ ሰው አርኤም የሚለውን ትዕዛዝ «ከመሰረዝህ በፊት ጠይቀኝ» በሚል አሊያስ ተክቶት ከሆነ፣ ያለ ዩ የተጫነ ፈንክሽን እሱ ጋር እየጠየቀ፣ ሌላው ጋር ሳይጠይቅ ይሰርዛል። የጋራ ማህደር ባለበት ቦታ ዩ የግድ ነው። ትንሹ ዜድ ደግሞ ፋይሉ በዜድ ሼል ደንብ ይነበብ ይላል፤ በኮርን ሼል ደንብ የሚያስነብብ ምርጫ ቢበራ እንኳ አይለወጥም። ሁልጊዜ ሁለቱንም ይጻፏቸው።

መጀመሪያ ስጠራው ዝም ይላል፤ ሁለተኛ ስጠራው ግን ይሠራል። ለምን?

ይህ የሁሉም ሰው ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱ ከተገለጠ በኋላ ግን ማንም አይረሳውም።

በዜድ ሼል ደንብ የፋይሉ ይዘት በሙሉ የፈንክሽኑ አካል ነው። አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፦ ፋይሉ ውስጥ ያለው ነገር በዚያው ስም የተጻፈ አንድ የፈንክሽን ፍቺ (ስሙ፣ ቅንፉና አካሉ አንድ ላይ) ብቻ ከሆነ፣ ሼሉ ገብቶት ውስጡን እንደ አካል ይወስደዋል። ችግሩ የሚጀምረው ከፍቺው ሌላ አንድ ነገር ሲታከል ነው፤ ለምሳሌ ከላይ አንድ ተለዋዋጭ ወይም ከታች አንድ አጋዥ ፈንክሽን። ያን ጊዜ ልዩ ሁኔታው ይቀራል። መጀመሪያ ሲጠሩት የሚካሄደው ፋይሉ ነው፤ ፋይሉ የሚሠራው ሥራ ደግሞ ፈንክሽኑን መፍታት ብቻ ነው። ፈታው፤ ጨረሰ፤ ምንም አልታተመም። ሁለተኛ ሲጠሩት አሁን የተፈታው ፈንክሽን ስላለ ይሠራል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ስሙንና ቅንፎቹን አውጥቶ አካሉን ብቻ መተው። ሁለተኛው፣ ፍቺው እንዲቆይ ከፈለጉ፣ ፋይሉ መጨረሻ ላይ ፈንክሽኑን በስሙ መጥራትና የተሰጡትን ግብዓቶች ሁሉ ማስተላለፍ፤ ይኸውም ከስሙ ቀጥሎ የዶላርና የአት ምልክት በጥቅስ ውስጥ ነው። ጥቅሱን አይርሱ፤ ያለ እሱ ባዶ የሆኑ ግብዓቶች ይጠፋሉ፤ በዚህም የብሩ መጠን በስሙ ቦታ ሊገባ ይችላል።

ሌላ ሼል ለምደው የመጡ ሰዎች ፍቺውን ሙሉ በሙሉ የሚጽፉት በኮርን ሼል ደንብ ትክክል ስለሆነ ነው። እዚያ ፋይሉ ፈንክሽኑን መፍታት አለበት፤ ሼሉ ራሱ ቀጥሎ ይጠራዋል።

የፈንክሽኑ ፋይል አልተገኘም ይለኛል፤ ፋይሉ ግን ዐይኔ እያየው ነው።

ስሙን ፊደል በፊደል ያነጻጽሩ። ፋይል በቴሌግራም መላላክ ስለለመድን፣ ያው ፋይል ሁለት ጊዜ ሲወርድ ስሙ ላይ በቅንፍ ቁጥር ይታከልበታል፤ ለሼሉ ያ ሌላ ስም ነው። ከማክ ወደ ሊኑክስ የተቀዳ ከሆነ ትልቅና ትንሽ ፊደልን ይመልከቱ፤ የማክ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ አይለያቸውም፣ ሊኑክስ ግን ይለያቸዋል። ከዚያ ኤፍፓዝን አሳትመው ማህደሩ ዝርዝሩ ላይ መኖሩን ያረጋግጡ።

ፋይሉ ተገኝቶ ነገር ግን በየመስመሩ መጨረሻ እንግዳ ምልክት እየጠቀሰ ከተቆጣዎት፣ ዊንዶውስ ላይ በኖትፓድ ተጽፎ ነው የመጣው። የመስመር መጨረሻዎቹን ወደ ዩኒክስ ዓይነት ይለውጧቸው።

እንዲህ ያለውን ነገር ቀድሞ ለመያዝ ኦቶሎድን ከትልቁ አር ጋር ይጻፉት። ያን ጊዜ ፈንክሽኑን ሳይጭን ፋይሉን ወዲያው ይፈልጋል፤ ከሌለም ወዲያው ይናገራል። ስህተቱን ዐርብ አመሻሽ ላይ ሒሳብ ሠራተኛዋ ከምታገኘው እርስዎ ጠዋት ቢያገኙት ይሻላል።

ፋይሉን አስተካክዬ አስቀመጥኩ፤ ለውጡ ግን አይታይም።

ፈንክሽኑ በዚያ ተርሚናል አንድ ጊዜ ተጠርቶ ሜሞሪ ውስጥ ገብቷል፤ ሼሉ ከእንግዲህ ወደ ፋይሉ አይመለስም። ኦቶሎድን እንደገና መጻፍም ብቻውን ምንም አይለውጥም። መጀመሪያ አንፈንክሽን ብለው ያስወጡት፤ ከዚያ በኦቶሎድ ያስመዝግቡት። ወይም አዲስ ተርሚናል ይክፈቱ።

በነገራችን ላይ፣ ዴስክቶፕ ያላቸው ቢሮዎች ለውጥ ቶሎ ይደርሳቸዋል፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉም ተርሚናሉን እንደ አዲስ ይከፍታል። ላፕቶፑን ሳያጠፋ እየከደነ የሚሄድ ሰው ግን ያለፈውን ወር ፈንክሽን ሲጠቀም ሊከርም ይችላል። ስለ ውጤት ልዩነት ከመከራከር በፊት ተርሚናሉ መቼ እንደተከፈተ ይጠይቁት።

ለአንድ ደረሰኝ ፈጣን ነው፤ በሉፕ (ለብዙ ደረሰኝ በሚደጋግም ትዕዛዝ) ውስጥ ግን ይንቀረፈፋል። ለምን?

ፈንክሽኑን በዶላርና በቅንፍ ውስጥ እየጠሩ ውጤቱን በተለዋዋጭ እየተቀበሉ ነው ማለት ነው። ሼሉ በዶላርና በቅንፍ ውስጥ ያለውን ነገር የሚያስኬደው ከራሱ በተባዛ ሌላ ሼል ውስጥ ነው። ብርፊደል እዚያ ይጠራል፣ ፋይሉ እዚያ ይነበባል፣ እዚያው ሜሞሪ ውስጥ ይገባል፤ ሥራው ሲያልቅ የተባዛው ሼል ከነሜሞሪው ይጠፋል። ዋናው ሼል ፈንክሽኑ መጫኑን ፈጽሞ አላወቀም። ቀጣዩ ደረሰኝ ሲመጣ ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው ይደገማል፤ በሺህ የሚቆጠር መስመር ባለው የሽያጭ ፋይል ላይ ያው ፋይል በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይነበባል። ማህደሩ በኔትወርክ ላይ ከሆነማ ሌላ ታሪክ ነው።

ቀላሉ መፍትሔ ከሉፑ በፊት አንድ መስመር ነው፦ ኦቶሎድ፣ ፕላስ ኤክስ፣ የፈንክሽኑ ስም። ይህ ፈንክሽኑን ሳያስኬድ አሁኑኑ ወደ ዋናው ሼል ይጭነዋል፤ ከእሱ የሚባዙት ሁሉ ተጭኖ ያገኙታል። የተሻለው መፍትሔ ደግሞ ፈንክሽኑ ውጤቱን ማተም ትቶ ሪፕላይ በሚባለው ተለዋዋጭ ውስጥ እንዲያስቀምጥ ማድረግ ነው። ዜድ ሼል ራሱ ይህን ልማድ ይከተላል። ያን ጊዜ መባዛትም አይኖርም፤ ትልቁ ወጪ ደግሞ እሱ ነው።

በቧንቧ ምልክት የተያያዙ ትዕዛዞችም ተመሳሳይ ጠባይ አላቸው፤ በዜድ ሼል ከመጨረሻው በስተቀር ሌሎቹ ክፍሎች በተባዛ ሼል ውስጥ ይሠራሉ።

ተርሚናል ላይ ይሠራል፤ በክሮን ሌሊት ሲካሄድ ግን ትዕዛዙ አልተገኘም ይላል።

ክሮን (ሥራን በተቀጠረለት ሰዓት የሚያስጀምረው ፕሮግራም) የሚያስኬደው ስክሪፕት፣ ማለትም ፋይል ላይ የተጻፈ የትዕዛዞች ዝርዝር፣ የተርሚናሉን መነሻ ፋይል አያነብም። ኤፍፓዝዎ የተጨመረውና ኦቶሎዱ የተጻፈው እዚያ ከሆነ፣ ለስክሪፕቱ ሁለቱም የሉም። ሁለቱን መስመሮች ስክሪፕቱ ራሱ ውስጥ ከላይ ይጻፏቸው፤ የማህደሩንም ሙሉ አድራሻ ይስጡ። ለሁሉም ስክሪፕት የሚነበበው ዜድኤስኤችኢኤንቪ ፋይል ውስጥ መጨመርም ይቻላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ስክሪፕት ምን እንደሚፈልግ በራሱ ላይ ተጽፎ ባይ ደስ ይለኛል።

ፈንክሽንን በአማርኛ መሰየም ይቻላል?

ይቻላል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ የኮድ ሠንጠረዥ) ውስጥ አለ፤ ዜድ ሼልም በፈንክሽን ስም ላይ የላቲን ፊደል ብቻ የሚል ገደብ የለበትም። ማህደሩ ውስጥ ቀን የሚል ፋይል ፈጥሮ ቀን ብሎ መጥራት ይሠራል። አንድ ሁለት ሰዎች ይጠቀሙበታል፤ ማየቱም ደስ ይላል።

ለጋራ ማህደር ግን አልመክርም። አንደኛው ምክንያት ኪቦርድ ነው፦ የፈንክሽኑ ስም በአማርኛ፣ ምርጫዎቹ በላቲን፣ የፋይሉ አድራሻ በላቲን፤ አንድ መስመር ለመጻፍ ሦስት ጊዜ መቀያየር። ሁለተኛው ይከብዳል። እኛ አንባቢዎች ጸሐፊን በጸሎቱ ጸ ወይም በፀሐዩ ፀ ቢጻፍ ያው ቃል አድርገን እናነበዋለን፤ ሰ እና ሠ፣ ሀ እና ሐም እንዲሁ። ኮምፒውተሩ የሚያየው የተለያየ ኮድ ነው። አንዱ ሒሳብ ብሎ ያስቀመጠውን ሌላው ሂሳብ ብሎ ይጠራዋል፤ ፋይሉ የለም ይባላል፤ ሁለቱም የጻፉት ትክክል ነው። ኦቶሎድ ደግሞ ስሙን ብቻ ይዞ የሚፈልግ ስለሆነ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ምንም ምሕረት የለውም።

ከዜድ ሼል ጋር አብረው የሚመጡ ፈንክሽኖች አሉ?

ብዙ፤ እነሱም የሚጫኑት በዚሁ መንገድ ነው። የምወደው ዜድኤምቪ የሚባለው የብዙ ፋይል ስም መለወጫ ነው። ግንቦትና ሰኔ አራት ኪሎ አካባቢ ያለ ኮፒ ቤት ገብቶ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲታተም ያየ ሰው ጥቅሙ ይገባዋል፤ የመጨረሻ፣ የመጨረሻው መጨረሻ፣ የተስተካከለ የመጨረሻ የሚሉ፣ በክፍተትና በቅንፍ የተሞሉ ስሞች። ዜድኤምቪ በአንድ መስመር ያስተካክላቸዋል፤ ሁለት ፋይሎች አንድ ስም ላይ የሚያርፉ ከሆነ ደግሞ ሥራውን ሳይጀምር ይቆማል። መጀመሪያ በትንሹ ኤን ይሞክሩት፤ ሳይነካ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ብቻ ያሳያል። ዜድካልክ የሚባለው ሒሳብ ማሽንም አለ፤ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ለማስላት ሌላ መስኮት መክፈት አያስፈልግም።

ዜድኮምፓይል ያፋጥነዋል?

ፋይሉን አስቀድሞ ተንትኖ በሌላ ፋይል ያስቀምጠዋል፤ ሼሉም ከዋናው ያረጀ ካልሆነ እሱን ይጠቀማል። ለረጃጅም ፈንክሽኖች ይረዳል። ለሃያ መስመር ፋይል አይድከሙ።

የጋራ ማህደሩ ላይ ሁሉም ሰው መጻፍ ቢችል ምን ችግር አለ?

ኦቶሎድ ፋይል ውስጥ ያለውን ነገር በእርስዎ ስምና በእርስዎ ሥልጣን ያስኬዳል። ማህደሩ ላይ መጻፍ የሚችል ሰው ሁሉ በእርስዎ ተርሚናል ላይ ትዕዛዝ መስጠት ይችላል ማለት ነው፤ አስተዳዳሪ ሆነው የገቡ እንደሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩ የእሱ ነው። የዜድ ሼል የማሟያ ሥርዓት (የጀመሩትን ትዕዛዝ የሚጨርስልዎ) ሲነሳ አስተማማኝ ያልሆኑ ማህደሮች አሉ የሚለው ማስጠንቀቂያ ስለዚሁ ነው። ብዙዎች መልእክቱ እንዲጠፋላቸው ብቻ ይጠይቁኛል፤ ማጥፋቱን አላሳይም። ኮምፕኦዲት የሚለውን ትዕዛዝ ያስኪዱ፤ ማህደሮቹን ይዘረዝራል። ከዚያ የሌሎችን የመጻፍ ፈቃድ ያንሱ። በእኛ ማህደር የሚጽፈው አንድ ሰው ነው፤ ሌላው ያነባል፤ ማሻሻያ ያለው ይልካል።

ባሽ ብቻ ነው ያለኝ። ምን ላድርግ?

ባሽ የሚባለው ሌላው ሼል ኦቶሎድ የሚባል አብሮ የተሠራ ትዕዛዝ የለውም። የተለመደው ዘዴ ምትክ ፈንክሽን ነው፦ በዚያው ስም አጭር ፈንክሽን ይጻፋል፤ ሲጠራ መጀመሪያ ራሱን ያጠፋል፣ ቀጥሎ እውነተኛውን ፋይል በሶርስ (ፋይልን እዚያው ሼል ውስጥ በሚያስነብበው ትዕዛዝ) ያነባል፣ ከዚያ ስሙን ከነግብዓቶቹ ይጠራል። ራሱን ማጥፋቱ መቅደሙ ወሳኝ ነው። ፋይሉ ፈንክሽኑን ሳይፈታ ቢቀር «ትዕዛዙ የለም» ይባላል፤ ካላጠፋ ግን ሼሉ እስኪወድቅ ራሱን እየጠራ ይኖራል።

አንዳንዶች ትዕዛዝ ሳይገኝ ሲቀር ባሽ በሚጠራው ፈንክሽን በኩል ሊጭኑ ይሞክራሉ። አይሆንም፤ ባሽ እሱን የሚያስኬደው ለብቻው በተለየ ሼል ውስጥ ስለሆነ የተጫነው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ፊሽ የሚባለውን ሼል የሚጠቀሙ ግን ዕድለኞች ናቸው፤ ፈንክሽንስ ማህደር ውስጥ ፋይሉን ማስቀመጥ ብቻ ይበቃቸዋል፣ ፋይሉ ሲለወጥም እንደገና ያነበዋል።

በፒኤችፒና በፓይተንስ?

እነዚህ የፕሮግራም ቋንቋዎች ናቸው። ከፒኤችፒ የሚመጡ ሰዎች ኦቶሎድን የሚያውቁት በክላስ (ተዛማጅ ፈንክሽኖችንና መረጃን ባንድ በሚይዝ ክፍል) ነው። ልብ ይበሉ፣ ፒኤችፒ ክላሶችን እንጂ ተራ ፈንክሽኖችን ሲጠሩ አይጭንም። በኮምፖዘር (የፒኤችፒ ጥቅል ማስተዳደሪያ) የፋይሎች ዝርዝር ውስጥ የገቡ ፈንክሽኖች ቢጠሩም ባይጠሩም በእያንዳንዱ ጥያቄ ይነበባሉ። በጥሪ ጊዜ ብቻ እንዲመጡ የሚፈልግ ክላስ ውስጥ ያስገባቸዋል። በድሮ መጽሐፍ የሚገኘው ከስሙ በፊት ሁለት የታች ሰረዝ ያለበት ኦቶሎድ ፈንክሽን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ስምንተኛው እትም ተወግዷል።

በፓይተን ቀላሉ መንገድ ኢምፖርቱን (ሌላ ሞጁል የሚያስጭነውን መስመር) ከፋይሉ ራስ አንሥቶ ፈንክሽኑ ውስጥ መጻፍ ነው። የመጀመሪያው ጥሪ ሞጁሉን ይጭናል፤ ቀጣዮቹ ከተቀመጠበት ያነሡታል። ከ3.7 እትም ወዲህ የኢምፖርት ጊዜን በየሞጁሉ የሚያሳይ ምርጫ ስላለ እዚህም ከመገመት መለካት ይቀላል።

የትኛውን ፈንክሽን በኦቶሎድ መተው የለብኝም?

ትዕዛዝ በገባ ቁጥር የሚጠራውን፤ ለምሳሌ የተርሚናሉን የመጠየቂያ መስመር የሚጽፈውን። ገና ከመከፈቱ ስለሚጠራ ማዘግየቱ ትርፍ የለውም።

ከሁሉ በላይ ግን ነገር ሲበላሽ የሚጠሩትን። የጋራ ማህደሩ በቢሮው ሰርቨር ላይ ነው፤ ኔትወርክ ሲቋረጥ የት ጋር እንደተቋረጠ የሚመረምረው ፈንክሽንም መጀመሪያ የገባው እዚያው ማህደር ውስጥ ነበር። ኔትወርኩ ሲጠፋ ፋይሉም አብሮ ይጠፋል። ዲስክ ሲሞላ የሚያጸዳው፣ መጠባበቂያ ቅጂ የሚመልሰው፣ የኔትወርክ ምርመራው፣ እነዚህ ሦስቱ በየኮምፒውተሩ የራሳቸው ቅጂ አላቸው፤ ተርሚናሉ ሲከፈትም በፕላስ ኤክስ ወዲያው ይጫናሉ።